በእግር የሚታጠፍ ድምፅ

አጎቴ ጀሶው ከግራ እጁ ላይ የወጣለት ዕለት መጀመሪያ የሞከረው ማንኪያ መያዝ ወይም ብርጭቆ ማንሳት አልነበረም። ቤት እንደገባ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ኪቦርዱ ላይ የተጣለውን ጨርቅ ገፈፈና አውራ ጣቱን በግራ ጫፍ ባለችው ሽክርክሪት ላይ አሳረፈ። ጣቱ ማረፉን አረፈ፤ መግፋት ግን አልቻለም። እንደገና ሞከረ። ያው ነው።

ባለቤቱ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። «ቀስ በል እንጂ ሰውዬ! እጅህ ገና ዛሬ ነፋስ ማየቱ ነው» አለችው።

«ነፋሱንስ አይቶታል፤ ትእዛዝ መስማት ነው እንቢ ያለው።»

እሷ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ከጎኗ ቆሜ ስለነበር ፊቱን አየሁት።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ እኔ ከምሰፋበት ክፍል እስከ እሱ ሳሎን ቢበዛ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። መሥመሩ ሲዘጋ መሪውን ትቶ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ተቀጠረ። ኪቦርድ የጀመረው ገና ሹፌር ሳለ ነው። ከአውቶቡሱ ሬዲዮ የሰማውን ዜማ ቤት ገብቶ በአንድ ጣት ይፈልገው ነበር፤ ቆይቶ በሁለት፣ ቆይቶ በአሥሩም። ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ከሚጫወተው ባንድ ጋር ከሆነ አሥራ ስምንት ዓመቱ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ብሎን ያወጣል፣ ብሎን ያስገባል። ቅዳሜ ግን ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፤ ለሚስቱ እንኳ አይሰጣትም።

እጁ የተሰበረው መጋዘኑ ውስጥ ከመሰላል ወድቆ ነው። አጥንቱ ገጥሟል። ነርቩን ግን ሐኪሙ «በዓመት ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» አለው። አራቱ ጣቶች ደህና ናቸው፣ የኪቦርዱን ቁልፍ ይመታሉ። አውራ ጣቱ ነው የለገመው። በሌላ ጣት ሽክርክሪቷን ለመግፋት ሞክሯል፤ ግን የእጁ አንጓ ወደዚያ አልዞር ይለዋል፣ እስኪደርስም ዜማው አልፎት ይሄዳል።

«አንዲት ጣት ምን አላት?» ይባል ይሆናል። እኔም እስኪያስረዳኝ ድረስ ብዬ ነበር። የኪቦርድ ቁልፍ እንደ መብራት ማብሪያ ነው፤ ሲጫኑት ይጮኻል፣ ሲለቁት ዝም ይላል። ጠንከር አድርገው ቢመቱት ጠንከር ብሎ ይጮህ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምን ቢለምኑት አይሰማም። በአንዱ ቁልፍና በቀጣዩ መካከል ያለውን ድምፅ ጣት አያገኘውም። ሰው ደግሞ ሲጣራም ሆነ ሲያለቅስ ድምፁ ከደረጃ ደረጃ አይዘልም፤ ይንሸራተታል። መሣሪያው ውስጥ ያለው ዋሽንት እውነተኛ ዋሽንት አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ነው። ሰው የሚያስመስለው ያቺ ሽክርክሪት ናት። ሙዚቀኞቹ ቤንድ ይሏታል። ወደ ታች ስትገፋ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ስትለቀቅ ተንሸራቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። እነሱ ባንድ ውስጥ ደግሞ አንድ ዘፈን አለ፤ መሐሉ ላይ ዘፋኟ ዝም ትላለች፣ የአጎቴ ዋሽንት ከታች ተነስቶ እየተንሸራተተ ይጠራታል፣ እሷም ትመልስለታለች። አዳራሹን የሚሞላው ያ ዘፈን ነው።

በሦስተኛው ቀን የባንዱ አለቃ ሊጠይቀው መጣ። ከበሮ መቺ ነው፣ ተቀምጦም ጣቶቹ አያርፉም፤ የወንበሩን ክንድ ይመታል።

«እስቲ አሰማኝ» አለው።

አጎቴ ተጫወተለት። ቁልፎቹ ሁሉ በትክክል ተመቱ። ዋሽንቷ ግን እንደ ቤት ደወል ቀጥ ብላ ጮኸች።

የአለቃው ጣቶች ቆሙ። «ወንድሜ፣ እኔ አንተን ማስቀየም አልፈልግም...»

«ልታስቀይመኝ ነው ማለት ነው።»

«ለሁለት ወር ሌላ ሰው ይዘን ቆይተናል። ሰውዬው ደግሞ ቁርጡን ንገሩኝ እያለ ነው፤ እውነቱን ነው። የወሩ መጨረሻ እሁድ ልምምድ አለን። ና፤ እንስማህ። ከሆነ ሆነ። ካልሆነ ግን አትፍረድብኝ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት መሆኑ ነው። አለቃው ሲወጣ አጎቴ እስከ በሩ ሸኘው፤ ተመልሶ ግን ሳሎኑ አልገባም። እኔ ጋ መጣና የጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ተቀመጠ። በስፌት መኪናዬ የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። ወደ ታች፣ ወደ እግሬ ያያል።

«አንቺ ልጅ፣ አንዱ እግርሽ ጫማ የለውም።»

«ጫማ ካደረግሁ መኪናው አይሰማኝማ፣ ጋሼ። ፍጥነቱን የምይዘው በእግር ጣቴ ነው። አየህ?» ፔዳሉን ትንሽ ነካሁት፤ መርፌዋ አንድ ጊዜ ወርዳ ቆመች። ጨመርኩ፤ በቀስታ ሄደች። ደግሞ ጨመርኩ፤ በረረች።

አጎቴ ቀና አለ። «እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ነው እንዴ የሚታዘዝሽ?»

«ታዲያስ! እንደ መብራት ማብሪያማ ቢሆን ስንት ጊዜ ጣቴን በሰፋሁት።»

ተነስቶ ጠረጴዛው ሥር አጎነበሰ። እዚያ ሞተሩ የተቃጠለ የድሮ መኪናዬ ፔዳል ወድቋል። በደህናው እጁ አንስቶ አቧራውን እፍ አለው። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ። ጣት እንቢ ካለ እግር ቢይዘውስ?»

በማግስቱ ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ እኔ ልጄን አዝዬ፣ እሱ ፔዳሉን ይዞ ሬዲዮ ጠጋኙ ጋ ሄድን። ሠፈሩ ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ በነጭ ጋዋን ነው የሚሠራው።

«የታመመው የቱ ነው?» አለ ኪቦርዱን እያየ።

«ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የታመምኩት እኔ ነኝ» አለው አጎቴ።

«እንግዲያው ሐኪም ቤት ተሳስታችኋል፤ የሰዎቹ ከመንገዱ ማዶ ነው።»

ነገሩን ስንነግረው ግን ቀልዱን ተወና ካቻቢቴውን አነሳ። የኪቦርዱን ሆድ ከፍቶ ከሽክርክሪቷ ሥር የሚወጡ ሦስት ቀጫጭን ገመዶች አሳየን። «ይቺ ለማሽኑ የምትነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደዞረች። ያዞራት ጣት ይሁን እግር አታውቅም፣ አትጠይቅምም።» የፔዳሉን የውስጥ ዕቃ ግን ከስፕሪንጉ በቀር አውጥቶ ጣለው፤ ለግድግዳ ኤሌክትሪክ የተሠራ ነው፣ ኪቦርዱን ያቃጥለዋል አለ። በምትኩ ከአሮጌ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያ ነቅሎ ከተተበትና ሦስቱን ገመዶች አስረዝሞ በስታኞ በየዳቸው። ቀኝ እግር ድምፅ በሚያስረዝመው ሌላ ፔዳል ስለተያዘ ይኸኛው ለግራ እግር ሆነ።

ስንወጣ ጠራን። «አንድ ነገር! ኪቦርዱ ሲበራ ሽክርክሪቷን 'ማረፊያሽ የት ነው?' ብሎ ይጠይቃታል። በዚያች ሰዓት ማንም ፔዳሉን እንዳይነካ። ከተነካ የተነካበትን ማረፊያው ያደርገዋል።»

«እሺ ዶክተር» አልን፤ መድኃኒት እንደታዘዘለት ሰው።

ማስተማሩን እኔ ያዝኩ። በእግር ከሆነ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? ጫማህን አውልቅ አልኩት፤ አወለቀ። ተረከዝህ ወለሉን አይልቀቅ፣ በጣቶችህ ብቻ ተጫን አልኩት፤ ተጫነ። በየማታው፣ እራት ሳይቀርብ አንድ ሰዓት እንለማመዳለን። የኪቦርዱን ማብሪያ የምትጫነው ልጄ ናት፤ እሷ ካልተጫነች ታለቅሳለች፣ ስለዚህ አጎቴ ቆሞ ይጠብቃታል። ከዚያ ይቀመጣል።

ባለቤቱ የመጀመሪያውን ቀን አይታ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዋሽንት በእግሩ ሲሄድ ግን ያየሁት ዛሬ ነው» አለች።

መጫኑን በአራት ቀን ለመደ፤ ድምፁ በቀስታ ዝቅ ይልለታል። መልቀቁ ላይ ነው የቸገረን። እግሩን ሲያነሳ ፔዳሉ በስፕሪንጉ ዘሎ ይመለሳል፤ ድምፁም አብሮት ይዘላል። መንሸራተቱ ይቀርና ልክ እንቅልፍ የወሰደው ሰው በክርን ሲጎሸም እንደሚነቃው ይሆናል። እኔ ደግሞ «ስትለቅ ቶሎ ልቀቅ፣ እግርህን አታንጠልጥል» እለዋለሁ። ልብስ ሰፊ ሲያቆም እንደዚያ ነው የሚያቆመው፤ ካልሆነ መርፌዋ ከመስመር ታልፋለች። እኔ የማውቀውን ነው ያስተማርኩት፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ግን የዚያ ተቃራኒ መሆኑን አላሰብኩትም።

«ዋሽንቱን ስቅታ ያዘው» አለች ባለቤቱ ከጓዳ። «ውኃ ስጡት።»

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አጎቴ ስልኩን አንስቶ የአለቃውን ቁጥር ፈለገ።

«ምን ልትለው ነው?»

«ሰውዬውን ያዝ ልለው። ሰው መጉላላት የለበትም።»

«ጋሼ፣ ገና ስምንት ቀን አለን።»

«ስምንት ቀን ሙሉ ስቅ ሊለኝ?» አለ። ግን አልደወለም፤ ስልኩን ኪሱ ከተተና ወጣ።

በማግስቱ የጨርቅ ነጋዴው ፒክአፕ የተማሪ ልብስ ጨርቅ ይዞልኝ መጣ። በራችን ዳገት ላይ ነው፤ ወጥተው የማያውቁ ሹፌሮች ሁሉ ይረግሙታል። ይኸኛውም በሩ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ጠፋበት፣ አስነሳ፣ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ፍሬን ያዘ፣ ደግሞ ጠፋበት። የጨርቅ ጥቅል አንዱ ወደ አስፋልቱ ተንከባለለ። አጎቴ ከሰል ያጠቆረውን ሸሚዙን እያራገፈ ወጣና «ውረድ ወንድሜ፤ ጨርቁን ሠፈር ውስጥ ልታነጥፈው ነው» አለው። ሹፌሩ አፍሮ ወረደ።

አጎቴ ገባ፤ በሩን አልዘጋውም። ደህናው ቀኝ እጁ ማርሹን ያዘ፤ ግራው መሪው ላይ አረፈ። እኔ የወደቀውን ጥቅል ታቅፌ በተከፈተው በር በኩል እግሩን አየሁት። ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ እስከ ወለሉ ረገጠው። ከዚያ ግራ እግሩ ኩፍ እንደሚል ሊጥ ቀስ እያለ ተነሳ፤ መሐል ላይ ሲደርስ መኪናው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ እግሩ እዚያው ቆየ፣ እንደገና ተነሳ። ፒክአፑ አንዲት ጣት ታህል እንኳ ወደ ኋላ ሳይል ዳገቱን ወጥቶ ግቢ ገባ።

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። «እሱን ነው እኮ!»

«ምኑን?»

«እግርህን! አሁን ያደረግከውን! ፈጥነህ ትረግጣለህ፣ ቀስ ብለህ ትለቃለህ።»

ከመኪናው ሳይወርድ እግሩን አጎንብሶ አየው፤ የሌላ ሰው እግር መሰለው መሰለኝ። ከዚያ «ጫማዬን አምጪልኝ» አለ።

«አድርገኸው የለ?»

«ይኼ ነጠላ ጫማ ነው። የሥራ ጫማዬን።»

የእኔ ትምህርት በዚያው ቀረ። ባዶውን ሆኖ ፔዳል የማያውቅ እግር ኖሯል፤ አሥራ ሁለት ዓመት በወፍራም ሶል ነው የለመደው። ፔዳሉን ፈቀቅ አድርጎ ፍሪሲዮኑ የሚሆንበት ቦታ ላይ አስቀመጠው፣ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ፣ ልጄ ማብሪያውን ተጫነች። ረገጠ። ቁልፉን መታ። እግሩ ተነሳ።

ድምፁ ከታች ተነስቶ ወጣ። ሳይዘል፣ ሳይደናቀፍ።

የድሮው ድምፅ ነው ብል ግን መዋሸት ይሆንብኛል። በአውራ ጣት ጊዜ ዋሽንቷ ፈጣን ነበረች፤ መንገድ ማዶ ጓደኛዋን አይታ የምትጣራ ልጅ ትመስል ነበር። በእግር ግን ከበድ አለች፤ ከመናገሩ በፊት አስቦ፣ ያሰበውንም ደግሞ አስቦ የሚናገር ሰው ሆነች። መሣሪያው ያው፣ ዋሽንቱ ያው፣ ቁልፉ ያው። የተለወጠው የያዘው አካል ነው። አጎቴ ሦስት ቀን ሙሉ አልወደደውም። «አረጀ» ይላል፣ ይደግመዋል፣ «አረጀ» ይላል። በአራተኛው ቀን ዝም ብሎ ደገመው። ባለቤቱም ከጓዳ ወጥታ መጥረጊያዋን እንደያዘች አዳመጠች እንጂ ውኃ ስጡት አላለችም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ልጄን ለእናቴ ትቼ እሱ ኪቦርዱን፣ እኔ ገመዱንና ፔዳሉን ይዘን ሄድን። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። አለቃው ከበሮው ጀርባ ተቀምጧል፣ ጊታር ተጫዋቹ ክር ያጠብቃል፣ ዘፋኟ ከመድረኩ ጠርዝ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ትጠብቃለች። ሌላው ኪቦርድ ተጫዋችም መጥቷል፤ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ተነስቶ ለአጎቴ ሁለት እጁን ዘረጋለት።

«ያ ፔዳል የስፌት መኪና አይደለም እንዴ?» አለ ጊታር ተጫዋቹ።

«ነው» አለ አጎቴ። «ሱሪህን ላሳጥርልህ?»

ተቀመጠ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ፣ ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ ጫነ፣ ኪቦርዱን አበራ፣ እግሩን አነሳ። አለቃው በከበሮ እንጨቱ አራት ቆጠረ።

የመጀመሪያውን ቁልፍ ሲመታ ሁሉም ዘወር አሉ። ጥርስ የሚያንገጫግጭ ነገር ነው የወጣው፤ ኪቦርዱ በሙሉ ከጊታሩ በላይ ወጥቶ ቀርቷል።

«የኔ ነው ወይስ የሱ?» አለ ጊታር ተጫዋቹ ክሩን እየነካ።

«ያንተ ደህና ነው» አለች ዘፋኟ።

አጎቴ ወደ ፔዳሉ አጎነበሰ። እግሩን ረገጠ፣ ለቀቀ፤ ያው። አለቃው እንጨቶቹን ከበሮው ላይ አስተኛቸው። እኔ ያየሁትን እያሰብኩ ነበር፤ እግሩን ጫነ፣ ከዚያ አበራ፤ ዶክተሩ እንዳይነካ ያለው ይህንኑ ነው። ሹፌር ሞተር ሲያስነሳ መጀመሪያ ፍሪሲዮን ይረግጣል። ቤት ውስጥ የምታበራው ልጄ ስለሆነች አንድም ቀን አልገጠመንም።

«ጋሼ፣ አጥፋው» አልኩ ከታች ሆኜ። «እግርህን አንሳ። አውቶቡስ አይደለም።»

ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ገባው፤ ግንባሩን በመዳፉ መታ። አጠፋው፣ ግራ እግሩን ወንበሩ ሥር ደበቀ፣ አበራው። አንድ ቁልፍ መታ፤ ጊታር ተጫዋቹ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ አለቃው።

«በማርሽ አስነስቼው ነው» አለ አጎቴ፤ ሁሉም ሳቁ።

እንደገና ጀመሩ። ዘፈኑ መሐሉ ላይ ሲደርስ ዘፋኟ ዝም አለች፤ ዋሽንቷ ከታች መነሳት ጀመረች። ገና ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ዘፋኟ በድሮው ልማድ ገባችባት። ሁለቱ ድምፆች ተጋጩ። አለቃው አቆመ።

«ዘገየህ» አለው።

«ዘግይቻለሁ» አለ አጎቴ። አልተከራከረም። «እግር ከጣት ይዘገያል። ከዚህ በላይ ካፈጠንኩት ይዘላል።»

ሌላው ተጫዋች ወደ ወለሉ ያያል።

ዘፋኟ ከመድረኩ ጠርዝ ተነሳች። «እስቲ አንዴ» አለች። «እኔ ነኝ የቸኮልኩት። ይድገመው፤ እጠብቀዋለሁ።»

ደገመው። እሷም ጠበቀችው። ዋሽንቷ እየከበደች፣ እያሰበች ወጣች፤ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆየች፤ ዘፋኟም አየር ስባ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰችላት፤ ድሮ እዚያ ቦታ ላይ ከፍ አድርጋ ነበር የምትገባው። አለቃው ሳያውቀው ከበሮውን አዘገየ።

«ሌላ ዘፈን ሆነ» አለ ሲጨርሱ አለቃው። ወዲያው ፈጣን አንድ አስጀመረው። እዚያ ግን እግሩ አልደረሰም፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ስቅ አለ። አጎቴ ራሱ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለው አለቃው።

«ንገረኝ እንጂ። ለዚያ አይደል የመጣሁት።»

«ፈጣኖቹን አትችላቸውም። አሁን አትችላቸውም።»

«አሁን አልችላቸውም።»

«ፈጣኖቹን እኔ ልያዝ» አለ ሌላው ተጫዋች፤ የተናገረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ቀስ ያሉትን ግን ለእሱ ተዉለት። እኔ ብጫወታቸው እሷ ደስ አይላትም፤ ፊቷን አይቻለሁ።»

አለቃው የቅዳሜውን የዘፈን ዝርዝር ከኪሱ አውጥቶ ከበሮው ላይ ዘረጋው። አሥራ አምስት ዘፈን ነው። «አራቱ ያንተ» አለ።

«ሰባት» አለ አጎቴ።

«ሰባት ቀስ ያለ ዘፈን ብንዘፍን ሰዉ ይተኛብናል።»

«ይተኛ፤ በፈጣኑ ትቀሰቅሱታላችሁ።»

ዘፋኟ እርሳሱን ከአለቃው እጅ ወሰደችና ከስድስት ዘፈኖች ጎን ምልክት አደረገች። አለቃው ቆጠራቸው፣ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ተወው። አጎቴ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ አንድ በአንድ አነበበ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ካየ በኋላ ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና ከስድስቱ የመጀመሪያውን እንዲያስጀምሩት ነገራቸው።